ጋሼ ፍራሻቸውን ያላወጡ ቀን

ላስ ቬጋስ ውስጥ የመርከብ ሐኪም ሆና ያገለገለች የመጀመሪያዋ ሰው ልጄ ሳትሆን አትቀርም። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላትም፤ መርከብ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ዋናም ጀምራ በሁለተኛው ቀን አቁማዋለች። መርከቧም ብትሆን ሰንራይዝ ማነር በሚባል ሰፈር የተከራየናት ቤት ናት። ሦስት መኝታ ቤት፣ አንድ መታጠቢያ፣ ጠጠር የተነሰነሰበት ጓሮ፣ ዳገት ላይ እንደቀረ አይሱዙ የሚያጓራ ኤሲ። ከጎረቤታችን ከአየር ኃይል ጣቢያ የሚነሱ የጦር ጀቶች በላያችን ሲያልፉ ጣሪያው ተነስቶ ተመልሶ ይቀመጣል። ለባሕር የሚቀርበን ነገር ቢኖር የጎረቤታችን የላስቲክ መዋኛ ገንዳ ነበረች፤ እሷም ታፈሳለች።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ነው፤ ካዚኖዎቹ ሁሉ በኮሮና የተዘጉበት ዓመት። እኔ ዲለር ነኝ፣ ካርድ አከፋፍላለሁ። የምሠራበት ካዚኖ ከተከፈተ ጀምሮ ተዘግቶ ስለማያውቅ በሩ ቁልፍ አልነበረውም፤ ቁልፍ ሠሪው ሲመጣ ሠራተኛው ሁሉ ከቦ ያየው ነበር። ባለቤቴ የሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር፤ እሷም ቤት ዋለች። ከልጃችን ሌላ አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ አጎት ናቸው። እሷን ያሳደጉ፣ ከሁላችንም ቀድመው በዲቪ የመጡ፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ወደ እኛ የዞሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። እኔ «እርስዎ» ነው የምላቸው። ልጄ ግን እዚህ ስለተወለደች አማርኛዋ ያነክሳል፤ «አንተ» ትላቸዋለች። ጋሼን አንተ ብሎ በሕይወት የቀረ ሌላ ሰው አላውቅም።

ልጄ በዚያ ሰመር የኮሌጅ ትምህርቷን የምትከታተለው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ዋይፋዩ ከዚያ አልፎ መሄድ ይደክመዋል። እኔም ሥራ ስለሌለኝ ትይዩዋ ተቀምጬ ድንች እልጣለሁ። ሳልመዘገብ ኮሌጅ የገባሁት እንዲህ ነው። ትምህርቱ በአስራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ስደተኛ ጭነው ከአውሮፓ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ ስለሚሄዱ መርከቦች ነበር፤ በይበልጥ መንገድ ላይ ስለሚታመሙት ሰዎችና ስለ አስታማሚዎቻቸው። አስተማሪዋ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሴትዮ ናቸው፤ ሬሳ ወደ ባሕር ስለመጣል ሲያወሩ እንኳ የኬክ አሠራር የሚያስረዱ ይመስላሉ።

ከሰማሁት የቀረልኝ ይኸው ነው። ድሃው ተሳፋሪ ከመርከቡ ወለል በታች፣ መስኮት በሌለበት፣ ሳንቃ በሳንቃ ላይ በተደረደረ አልጋ ይተኛል። ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ የሚወስነው የአልጋው ስፋት እንጂ ዝምድና አይደለም። ማዕበል ሲነሳ መውጫው ከላይ ይዘጋል። ከዚያ ጨለማ፣ ባልዲ፣ ትውከት፣ የሚያለቅስ ሕፃን፤ ሌላውን ምሳ ያልበላ አንባቢ ስለሚኖር ትቼዋለሁ። «የመርከብ ትኩሳት» የሚሉት በሽታ ነበራቸው። ልጄ የእንግሊዝኛ ስሙን ስትነግረኝ አልገባኝም። ምልክቱን ስትዘረዝር ግን ጋሼ ከሶፋው ላይ «ተስቦ ነዋ!» አሉ፤ የድሮ ጎረቤታቸውን ያገኙ ያህል ደስ ብሏቸው። ቅማል እንደሚያመጣው ያን ጊዜ ሐኪሙም አያውቅም። ጥፋቱ የመጥፎ አየር ነው ብለው ስለሚያምኑ ወለሉን በአቼቶና እንደ በረኪና በሚሸት ዱቄት ያጥባሉ።

ሐኪሙ ለመንደር ሙሉ ሕዝብ አንድ ነው። አንዳንዱ ትምህርቱን ትናንት የጨረሰ፣ አንዳንዱ በመጠጥ ምክንያት የብስ ላይ የሚቀጥረው ያጣ። ደህናው ሐኪም ግን ሥርዓት ነበረው። በየማለዳው ሰው ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፍራሹ ይናፈሳል፤ ታችኛው ቤት ይፋቃል፤ ሐኪሙ እየዞረ ምላስ ያያል። ያልወጣ ካለ ወርዶ ይፈልገዋል፤ ምክንያቱም ተሳፋሪው በሽታውን ይደብቃል። በሽተኛ የሚተኛበት በሸራ የተከለለ ጥግ አለ፤ ወደዚያ የገባ ብዙም ሲወጣ አይታይም። ወደብ ሲደረስ ደግሞ በሽታ የተገኘበት መርከብ ቢጫ ባንዲራ ይሰቀልበትና ማንም እንዳይወርድ ይደረጋል። ስለዚህ እናት ትኩሳት ያለበትን ልጇን ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልላ «እንቅልፉን ነው» ትላለች።

አንድ ቀን ራት ላይ ልጄ ሹካዋን አስቀመጠችና «ዳዲ፣ የእኛ ቤት እኮ ሺፕ ነው» አለች። «ዊንዶው አንከፍትም፤ ሁላችን አንድ ኤር ነው የምንተነፍሰው፤ ባዝሩሙ አንድ ነው።»

«መርከብ ከሆነ እንግዲህ ካፒቴኑ እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ ጭነት ነህ» አለች ባለቤቴ።

«እኔስ?» አሉ ጋሼ።

«አንተ ጋሼ ፓሴንጀር ነህ።»

«ማዕረጌ ስንተኛ ነው?»

«የታች።»

«ታክሲ እንኳ ከፊት ነበር የምቀመጠው» አሉና ወጣቸውን ጠረጉ።

በማግስቱ ሥራ ጀመርን። ፀሐይ ከተራራው በላይ ብቅ ሳትል አንሶላችንን፣ ብርድ ልብሳችንን፣ ትራሳችንን ተሸክመን ጓሮ እንወጣለን። ጋሼ ወገባቸው ስለሚያማቸው መሬት ላይ በስፖንጅ ፍራሽ ነው የሚተኙት፤ እሷን ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈው ያወጧትና የግቢው አጥር ላይ ያሰጧታል። መስኮት ሁሉ ይከፈታል። ልጄ ከኢንተርኔት ያዘዘችውን ጣት የሚቆነጥጥ መሣሪያ፣ ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያሳየውን፣ ይዛ ትዞራለች። ግንባራችንን በቴርሞሜትር ቼክ ታደርጋለች። ምላስም ታያለች፤ ምላስ ስለ ኮሮና ምን እንደሚናገር ግን አንድ ቀን አልነገረችንም። እኔ የመርከቧ ሥርዓት ስለሆነ ምላሴን አወጣለሁ።

የቬጋስ ፀሐይ ደግሞ የትኛውም የመርከብ ሐኪም ያላገኛት መድኃኒት ናት። አንድ ቀን ትራሴን ረስቼ ከሰዓት በኋላ ሳነሳው እንቁላል ይጠብስ ነበር። ባለቤቴ ይህን ስታነብ «ለአስር አካፍሉት» ማለቷ አይቀርም። የእሷ ቤተሰብ እኔ የጠራሁትን ቁጥር ሁሉ ለአስር አካፍሎ ነው የሚቀበለው። ሰርጋችን ላይ ስለነበረው ሰው ብዛት ሳወራ ከሰሙኝ ጊዜ ጀምሮ የጸደቀ ሕግ ነው፤ ሕጉን ያወጡት ጋሼ ናቸው።

ስለ ጋሼ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ጋሼ በሽተኛ ጠያቂ ናቸው። ሌላው ሰው ኳስ ይወዳል፤ ጋሼ በሽተኛ ይወዳሉ። ታክሲ በሚነዱበት ዘመን እንኳ አንድ ሐበሻ ሆስፒታል ገባ ከተባለ ተሳፋሪያቸውን አራግፈው፣ ብርቱካንና የማንጎ ጁስ ገዝተው ይደርሳሉ። ነርሷ «ምኑ ነዎት?» ስትላቸው «አጎቱ» ይላሉ። በከተማው ሆስፒታሎች ውስጥ የሁሉም ሐበሻ አጎት ናቸው፤ የሁለት ቻይናዎች አጎት እንደሆኑም ሰምቻለሁ። የተኛ በሽተኛ ካጋጠማቸው ቀስቅሰው «እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ?» ብለው ይጠይቁታል። የራሳቸው የሕክምና ትምህርትም አላቸው። «ሐኪሙ መርፌውን ይወጋል» ይላሉ። «በሽተኛን የሚያስነሳው ግን እፍረት ነው። ሰው ሲመጣበት አፍሮ ቀና ይላል። ቀና ካለ ይበላል። ከበላ ይድናል።»

ታዲያ ሆስፒታሎቹ ጠያቂ አናስገባም ያሉ ጊዜ ጋሼ በእሳቸው ላይ የወጣ አዋጅ አድርገው ነው የወሰዱት። በስልክ ይጠየቃል ስንላቸው «በስልክ ይበላል እንዴ?» አሉን።

በሐምሌ መግቢያ አንድ ቀን ነዳጅ ልቅዳ ብለው ወጡና ሰንብተው ተመለሱ። ልጄ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ጋዝ ለመቅዳት ይሄን ያህል?»

«ኢንስፒራዳ ደረስ ብዬ ነው።»

ኢንስፒራዳ በሚባለው ሰፈር አዲስ ቤት የገዛ የድሮ የታክሲ ባልደረባቸው አለ፤ ታሞ መክረሙን ሁላችንም ሰምተናል።

«ሲክ የሆነው ሰውዬ ጋ?»

«ድኗል። ደግሞ በር ላይ ቆሜ ነው የጠየቅሁት።»

«ከበሩ ወዲህ ነው ወዲያ?»

ጋሼ ጫማቸውን ማውለቅ ያዙ።

«ጋሼ!»

«ጁስ ቀዱልኝ እኮ። ጁስ ተቀድቶልሽ በር ላይ ቆመሽ ትጠጫለሽ? እንደዚያ ነው ያሳደግንሽ?»

ልጄ ክፍላቸው እንዲቀመጡ አዘዘች፤ ምግባቸው በር ላይ ይቀመጥላቸው ጀመር። ጋሼ ይህን የውሻ አያያዝ ነው ብለው ሦስት ቀን አላናገሩንም። ምንም ሳይሆኑ የቀሩ መሰለንና እኛም ላላን፤ ፍራሻቸውን አቅፈው ጓሮ መውጣት ቀጠሉ። ከዚያ አንድ ማለዳ አንሶላችንን ዘርግተን ስንዞር አጥሩ ላይ የጋሼ ቦታ ባዶ ነው።

«ደክሟቸው ይሆናል» አልኩ። «ይተኙበት።»

«ጋሼ አልተኛም» አለች ልጄ። «ቲቪውን ስማ።»

የጋሼ ቴሌቪዥን ዜና እያነበበ ነበር። ማንበብ ሳይሆን መጮህ ነው፤ አየር ኃይሉ ደውሎ ቀንሱልን ያላለን በትዕግስቱ ነው።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው» አልኩ።

«ኖ ዳዲ። ደብቋል። ሳሉ እንዳይሰማ ነው ከፍ ያደረገው።»

ሄጄ አንኳኳሁ። «ጋሼ፣ ፍራሹስ?»

«ዛሬ ኦፍ ነው» አሉ ከውስጥ።

በሩን በእጅ ስፋት ከፈቱልኝ። ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ አገጫቸው ሥር ምላጩ የቆረጣቸው ቦታ በሶፍት ቁራጭ ተለጥፏል። ውጭ መቶ አስራ ምናምን ዲግሪ ይሆናል በተባለበት ቀን ከፒጃማው ላይ የሰርግ ኮታቸውን ደርበዋል። ደህና ሰው ለመምሰል የተቻላቸውን ሁሉ አድርገዋል፤ ኮቱ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጄ ማስክ አድርጋ ገባችና ጣታቸውን በመሣሪያው ያዘች። ቁጥሩን አየች። ጣታቸውን ቀይራ ሞከረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የእኔን ጣት ያዘች፤ ዘጠና ስምንት አለ። መሣሪያው ደህና ነው ማለት ነው። የጋሼ ከዘጠና በታች ነበር፤ በጣም በታች። ነርሶች የሚመልሱበት ስልክ ላይ ደወለች፤ አሁኑኑ ሆስፒታል አምጧቸው፣ አትዘግዩ ተባለች።

«የትም አልሄድም» አሉ ጋሼ።

ባለቤቴ ከኮሪደሩ «ጋሼ፣ በሞቴ!» አለች።

«አንቺ ደግሞ በዚህ ሰዓት ሞት አታንሺብኝ።»

«ትንፋሽ እያጠረዎት እኮ ነው!»

«ጠያቂ የማይገባበት ቤት አልተኛም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስጠይቅ ኖሬ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ በሩን ይቆልፉብኝ?» አረፍ አሉ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ነው የሚያርፉት። «ይቺው ልጅ አይደለች ያስተማረችኝ? ያ መርከብ ላይ ወደ ሸራው የገባ ተመልሷል? አልተመለሰም።»

ልጄ የራሷ ትምህርት ተመልሶ ሲመታት ደነገጠች። «ጋሼ፣ የተደበቁትም ሞተዋል» አለች በመጨረሻ። «ደግሞ ሌላውን ሰው ሲክ አድርገዋል።»

«በሰው መሃል ነው የሞቱት» አሉ ጋሼ።

ባለቤቴ ማልቀስ ጀመረች። ልጄ መሣሪያውን አንዴ ታበራዋለች፣ አንዴ ታጠፋዋለች። እኔ ከማጋነን ሌላ ሙያ ስለሌለኝ ያለኝን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ አርባ መኪና እርስዎን እየጠበቀ ነው።»

አዩኝ። «አርባ?»

«አርባ። መግባት ስለተከለከለ ሰዉ ውጭ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው የሚጠይቀው፤ አሁን እንደዚያ ሆኗል።»

ጋሼ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ ጊዜ ያረፉት ለትንፋሹ ነው፤ ሁለተኛው ግን ለሒሳቡ ነበር።

«አራት ማለትህ ነው» አሉ።

የመኪናዬን ቁልፍ አነሳሁ።

«አራት ይበቃል። ጫማዬን አምጡልኝ።»

ክሩን ራሳቸው ሊያስሩ ጎንበስ አሉ፤ አልቻሉም። ባለቤቴ አሰረችላቸው። ኮታቸውን አላወልቅም ብለው መኪናው ኋላ ወንበር ላይ ገቡ፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ባለቤቴ ነዳች፣ ልጄ ከፊት ተቀመጠች። እኔ በሌላው መኪና ተከተልኩ።

ፓርኪንግ ውስጥ አንድም መኪና እንዳልነበረ መቼም አልሸሸግኋችሁም። መንገድ ላይ የሐበሻ ሱቅ ላለው ወዳጃችን ደወልኩ። ሰላምታው ብቻ ሦስት የትራፊክ መብራት ፈጀ፤ እሱ የእኔን ቤተሰብ ሲጨርስ እኔ የእሱን ጀመርኩ። አቋርጬ እንዳልነግረው ደግሞ መርዶ ይመስለዋል። በመጨረሻ ነገሩን ነገርኩትና «እባክህ ለማንም እንዳትናገር» አልኩት። ይህን ያልኩት አስቤበት ነው። ለእኛ ሰው አንድ ወሬ በፍጥነት እንዲዳረስ ከፈለግህ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልተገኘም። ይመጣሉ ወይ የሚለውን ግን አላውቅም ነበር። በዚያን ሰሞን ሰው ከራሱ ወንድም ይሸሽ ነበር፤ ልፈርድበትም አልችልም።

የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ አንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሸፈነ ሠራተኛ ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ መጣ። ከዚህ ወዲያ እሳቸው ብቻ ናቸው የሚገቡት አለ። ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና አንገታቸውን ወደ ፓርኪንጉ አዞሩ።

«የታሉ?»

ከመኪናዬ ወጥቼ እጄን አውለበለብኩ።

«አንተ አትቆጠርም» አሉ። «የቤት ሰው ጠያቂ አይባልም።» ከዚያ እግራቸውን ከወንበሩ ማሳረፊያ አወረዱ። ሊነሱ ነው።

ሠራተኛው ምን ሆነው ነው ብሎ ልጄን ጠየቃት። ሰው እየጠበቁ ነው አለችው። ሰው መግባት አይችልም እኮ አላት። ታውቃለች አለችው። በዚህ መሃል የሱቁ ነጭ ቫን በመግቢያው ታጥፎ ገባና ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ፤ ባለ ሱቁ ገና ሽርጡን አልፈታም። ከኋላው ዋተር ስትሪት አካባቢ ፀጉር የሚያስተካክለው ሰውዬ መጣ። ከእሱ ኋላ የማላውቃት ሴትዮ፤ ከአንድ ዓመት በፊት ስትወልድ ጋሼ «አጎቷ ነኝ» ብለው የገቡባት እንደሆነች ኋላ ነው የተነገረኝ። የኢንስፒራዳው ሰውዬ አራተኛ ሆኖ ደረሰ፤ በጁሱ ተጸጽቶ ነው መሰለኝ ከመኪናው ሊወርድ በሩን ከፈተ።

«ከመኪና እንዳይወርዱ ንገራቸው!» አሉኝ ጋሼ። «በሽታ አለ።» እግራቸውን መለሱና ሠራተኛውን በእጃቸው ግፋ አሉት።

በሩ ከተዘጋ በኋላ የመጡትን መኪናዎች ቁጥር ብነግራችሁ አካፍላችሁ ስለምትወስዱት አልነግራችሁም። ጥበቃው መጥቶ ምን ዓይነት ሰልፍ ነው ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ነበር። ልጄ ኮፈኑ ላይ ተደግፋ ስታያቸው ቆየችና፣ እነዚያ መርከቦች ቢጫ ባንዲራ ሰቅለው ወደብ ፊት ሲታገዱ ዘመድ በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ መጥቶ ከሩቅ ስም ይጣራ እንደነበር ነገረችኝ። «ይሰማቸው ነበር?» አልኳት። እሱን አላነበበችም።

ጋሼ የተኙበት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ ፓርኪንጉ የሚያይ ሆነ። ይህ ዕድል መሰለንና ደስ አለን፤ ችግር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ሳንባቸው እንዲከፈት በሆዳቸው እንዲተኙ ይፈልጋሉ። ጋሼ ደግሞ ጠያቂ መስኮቱ ሥር ተሰልፎ እያለ በሆዴ አልተኛም ብለዋል። ትራስ በትራስ ላይ አስደርድረው፣ የኦክስጅን ማስካቸውን አድርገው፣ እንደ ዳኛ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይውላሉ። ማታ የኦክስጅን ቁጥራቸው ይወርዳል። ነርሷ ሰልችቷት በታብሌት አገናኘችን።

«ጋሼ፣ ለምን በሆድህ አትተኛም?» አለች ልጄ።

«ሰዉ እያየኝ?»

«ሩቅ ናቸው። አያዩህም።»

«እኔ ግን አያቸዋለሁ።»

ልጄ ዝም አለች። በዚህ ዓይነት ዝምታዋ እናቷን ናት፤ ከኋላው ሁልጊዜ ትዕዛዝ አለ። «ኦኬ ጋሼ። ጠያቂ ከቴን እስከ ኢለቨን ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉም ይሄዳሉ፣ አንተ በሆድህ ትተኛለህ። ነርሷ ትነግረኛለች። ካልተኛህ ነገ ፓርኪንጉን እዘጋዋለሁ።»

«በማን ሥልጣን?»

«ዶክተር ነኝ።»

«የመርከብ!»

«አዎ፣ የመርከብ።»

ጋሼ ማስካቸው ውስጥ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ነርሷ ምን አሉ አለች፤ ተስማምተዋል አልናት።

ልጄ ሐበሻን ስለምታውቅ ለሁሉም ናይን ብላ ነገረች፤ ሁሉም ቴን ላይ ደረሱ። እንግዲህ በየቀኑ ያን አንድ ሰዓት በየመኪናችን ሆነን፣ ኤሲያችንን ከፍተን፣ የፊት መብራት እናበራለን እናጠፋለን፤ ከላይ አንድ እጅ ይውለበለባል። ኢለቨን ሲሆን ልጄ እየዞረች መስኮት ታንኳኳለች። የሚለግም ካለ ታርጋውን ፎቶ ታነሳለች። ምን ልታደርግበት እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ግን ሁሉም ሄደ።

አንድ ቀን ማለዳ ከሆስፒታሉ ደወሉ። ሌሊቱን ብሶባቸዋል፤ በዚህ ከቀጠለ የሚያስተነፍስ ማሽን ላይ ልናደርጋቸው እንችላለን፣ ዘመድ ይወቀው አሉ። ባለቤቴ ስልኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ለማንም ሳንናገር ሄድን፤ ሌሎቹም እንደወትሯቸው መጡ። መብራት አበራን፣ አጠፋን። መስኮቱ ላይ ምንም የለም። ቆይቶ የነርሷ ሰማያዊ ጓንት ታየ፤ የጋሼን ክንድ ከሥሩ ደግፋ አንስታ አወዛወዘችው። ሰዉ ጥሩምባውን ነፋ። ባለቤቴ አልነፋችም። ልጄ ሰዓቷን አይታ በአስር ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም አባረረች፤ በሆዳቸው ይተኙ ብላ።

ማሽኑ አላስፈለገም። ሐኪሞቹ በሆድ መተኛቱ ነው ይላሉ። ጋሼ እፍረቱ ነው ይላሉ። እኔ በመካከላቸው አልገባም፤ ሁለቱም እኔን አላማከሩኝም።

የወጡ ቀን ባለቤቴ ሆቴሉ ጠርቷት ሥራ ላይ ነበረች፤ እኔና ልጄ ሄድን። ኮቱ ሰፍቷቸዋል፤ የኦክስጅን ሲሊንደር በተሽከርካሪ ጋሪ ይጎትታሉ። ገና ከወንበሩ ሳይነሱ ማን ስንት ቀን እንደመጣ፣ ማን አንድ ቀን ብቻ ብቅ ብሎ እንደጠፋ ነገሩን። ባለ ሱቁ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ቀን መቅረቱን አልዘነጉም። መኪናው ውስጥ አስገብተን ቀበቶ አሰርንላቸው። ልነሳ ስል ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ቆይ። ወደዚያ፣ ከኋላ በኩል ዙር።»

«መውጫው በዚህ ነው ጋሼ።»

«ዙር አልኩህ።»

ዞርኩ። የሕንፃው ጀርባ ቆሻሻ መጣያና የዕቃ ማራገፊያ ነው፤ መስኮቶቹ አጥር ነው የሚያዩት። ከእሳቸው ፊት ለፊት፣ በኮሪደሩ ማዶ ባለው ክፍል አንድ ሽማግሌ ተኝቶ እንደነበር ነገሩን። ምን አገር ሰው እንደሆነ አያውቁም፤ ቋንቋውን አይሰሙም፤ ፊቱንም በር ሲከፈትና ሲዘጋ ነው ያዩት። የጥሩምባው ድምፅ ሲመጣ ግን አንገቱን ወደ በሩ ያዞር ነበር አሉ።

«የትኛው መስኮት ነው?» አለች ልጄ።

ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ተሳሳቱ፣ እንደገና ቆጠሩ። «ያ መጋረጃው የተጣመመው። መብራቱን አብራ።»

አበራሁ፣ አጠፋሁ። ቀትር ነው፤ የእኔ መብራት በዚያ ፀሐይ ውስጥ ለራሴም አይታየኝም። መስኮቱ ላይ ማንም አልወጣም።

«ጥሩምባም» አሉ ጋሼ።

ነፋሁ። መጋረጃው እንደተጣመመ ነው። ልጄ መስኮቷን አውርዳ እጇን አወጣች። ጋሼም በወዲያ በኩል የእሳቸውን አወጡ፤ ትንሽ ከፍ ለማድረግ ሞክረው ደከማቸውና በሩ ላይ አሳረፉት።

«አሁንም እዚያ መሆኑን በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«አልኩህ እንዴ?» አሉ። «አንዴ ድገምለት።»